በሆላንድኛ ጥምር ቃላት ከአንድ ሥር እንዴት እንደሚወለዱ

የወንጂን የስኳር ፋብሪካ ታሪክ የሚያውቅ ኢትዮጵያዊ ሁሉ «ኤች ቪ ኤ» የሚለውን ስም ሰምቷል። ሦስቱ ፊደላት በ1879 በአምስተርዳም ከተማ የተቋቋመው፤ ኋላም በ1954 የወንጂን ፋብሪካ ሥራ ያስጀመረው፤ ንብረቱም በ1975 በመንግሥት እስኪወረስ ድረስ በአዋሽ ሸለቆ የቆየው የሆላንድ ኩባንያ ስም አሕጽሮት ናቸው። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።) የመጨረሻው ፊደል የአምስተርዳም መነሻ እንደ ሆነ ማንም ሊገምት ይችላል። የቀሩት ሁለቱ ግን የሁለት ቃላት መነሻዎች አይደሉም፤ የአንድ ጥምር ቃል ሁለት ክፍሎች ናቸው። ቃሉም «ሃንደልስቬርኤኒኺንግ» ነው። «ሃንደል» ማለት ንግድ፤ «ቬርኤኒኺንግ» ማለት ማኅበር ሲሆን፤ በመካከላቸው የገባችው «ስ» ማያያዣ ናት። እንግዲህ የወንጂ ሠራተኛ በየቀኑ ሲጠራው የኖረው «ቪ» ከአንድ ረዥም ቃል ወገብ የተወሰደ ነው።

ይህች ትንሽ ነገር ሆላንድኛ ቃላቱን እንዴት እንደሚያበዛ ለመመልከት ጥሩ መግቢያ ትሆነናለች። ሆላንድኛ የምንለው በኔዘርላንድና በቤልጅግ ሰሜናዊ ክፍል ከ20 ሚሊዮን በላይ የሆነ ሕዝብ የሚናገረውን ቋንቋ ነው። ቃላቱን በእኛ ፊደል ስንጽፍ ከጉሮሮ የሚወጣውን ድምፅ በ«ኸ» አመልክተናል፤ የቀረውም ወደ እውነተኛው አነጋገር የቀረበ እንጂ ትክክል እርሱ አይደለም።

አስቀድመን «ሥር» የሚለውን ቃል እንለይ። በእኛ ቋንቋዎች ሥር ማለት በአብዛኛው ሦስት ፊደላት ናቸው፤ እነርሱም ድምፃቸውን እየለዋወጡ ከውስጥ ይረባሉ። ከ«ጸሐፈ» ጸሐፊ፤ ጽሑፍ፤ ጽሕፈት፤ መጽሐፍ ይገኛሉ። የሆላንድኛው ሥር ግን ከውስጥ እንዲህ አይረባም። እንደ ድንጋይ ሳይፈለጥ ይቀመጥና ሌላ ድንጋይ ከጎኑ ይካባል። ስለዚህ በዚያ ቋንቋ የአንድን ሥር ቤተ ሰብ ለማወቅ የሚፈልግ ሰው ማየት ያለበት ሥሩ ከእነማን ጋር እንደ ተጣመረና በየትኛው ወገን እንደ ቆመ ነው።

«ዋተር» ውኃ ማለት ነው፤ «ፑት» ደግሞ ጉድጓድ። «ዋተርፑት» ብንል የውኃ ጉድጓድ ይሆናል፤ ገልብጠን «ፑትዋተር» ብንል የጉድጓድ ውኃ ይሆናል። አማርኛ ተናጋሪ የሆነ ሰው ይህን ለመረዳት አስተርጓሚ አያሻውም፤ በእርሱም ቋንቋ ዘርፉ ይቀድማል፤ ባለቤቱ ይከተላል። በሆላንድኛ የመጨረሻው ቃል ባለቤት ነው፤ የቀደመው ሁሉ ለእርሱ መግለጫ ነው። ባለቤትነቱም በትርጉም ብቻ አይወሰንም። የሆላንድኛ ስሞች ከሁለት መስተአምራት አንዱን፤ «ደ» ወይም «ሄት» የሚባለውን ይዘው ይመጣሉ። ውኃ «ሄት» ስለሚል የዝናብ ውኃም (ሬኸንዋተር)፤ የባሕር ውኃም (ዜዋተር)፤ የመጠጥ ውኃም (ድሪንክዋተር)፤ የከርሠ ምድር ውኃም (ኽሮንትዋተር) ሁሉም «ሄት» ይላሉ። ጉድጓድ «ደ» ስለሚል የውኃ ጉድጓድም «ደ» ይላል፤ በፊቱ ያለው ውኃ አይጠየቅም። ብዙ ሲሆንም የሚበዛው የመጨረሻው ብቻ ነው። ወደ ግዕዙ ብንመለስ ነገሩ ተገልብጦ እናገኘዋለን፤ ቤተ መንግሥት፤ ቤተ ክርስቲያን፤ ቤተ መጻሕፍት ስንል ባለቤቱ ፊት ቆሟል። ወጥ ቤት፤ ፍርድ ቤት፤ ትምህርት ቤት ስንል ደግሞ ኋላ ቆሟል። ሁለቱን ሥርዐት በአንድ አፍ ስንናገር መኖራችንን ብዙ ጊዜ አናስተውለውም።

ሁለት ቃላት ተጣምረው አንድ መሆናቸውን የሆላንድ ሰው በጆሮው ያውቀዋል፤ አነጋገሩ በመጀመሪያው ቃል ላይ ይጠነክራልና። በጽሕፈትም ያለ ምንም ክፍት ቦታ ገጥመው ይጽፏቸዋል። ይህም ሕግ ከንቱ ጥብቅነት እንዳይመስል አንድ ምሳሌ እናንሣ። «ሮደ» ቀይ፤ «ዌይን» ወይን ጠጅ፤ «ኽላስ» ብርጭቆ ነው። ሦስቱ ተገጥመው «ሮደዌይንኽላስ» ተብለው ሲጻፉ የቀይ ወይን ጠጅ መጠጫ ብርጭቆ ይሆናሉ፤ መስተዋቱ ነጭም ቢሆን ግድ የለም። ቀዩ ተለይቶ ሲጻፍ ግን ቀይ የሆነው ብርጭቆው ራሱ ነው። እኛ ይህንኑ የምንለየው «የ»ን በማዛወር ነው፤ የቀይ ወይን ብርጭቆና ቀይ የወይን ብርጭቆ እንላለን። ባለፉት ዐሥርት ዓመታት በገበያ ማስታወቂያና በሱቅ ሰሌዳ ላይ ጥምሩን ቃል እንደ እንግሊዝኛ ከፋፍሎ መጻፍ በዝቷል፤ ቋንቋቸውን የሚወዱ ሰዎችም በዚህ እጅግ ይቈጣሉ። ቊጣቸው ከልክ ያለፈ የሚመስልበት ጊዜ ቢኖርም፤ በብርጭቆው ምሳሌ እንዳየነው ምክንያት የለሽ አይደለም።

ከዚህ የበለጠ ያጨቃጨቀው ማያያዣው ነው። ቃላቱ አንዳንድ ጊዜ ያለ አገናኝ ይጋጠማሉ፤ አንዳንድ ጊዜ «ስ»፤ ሌላ ጊዜ «ኤን» የተባለው መካከል ይገባል። «ላንት» አገር ወይም መሬት ነው፤ «ላንትባው» ያለ ማያያዣ ግብርና ሲሆን፤ «ላንትስታል» ግን በ«ስ» ታስሮ የአገር ቋንቋ ይሆናል። እነዚህ ማያያዣዎች በጥንት ዘመን የዘርፍና የብዙ ቊጥር ምልክቶች ነበሩ፤ ዛሬ አብዛኞቹ ትርጉማቸውን ጥለው ማሰሪያ ብቻ ሆነዋል። የበጎች በረት «ስኻፕስኮይ» ይባላል፤ በቃሉ መልክ ግን የአንድ በግ በረት ነው። የዶሮ ዕንቊላል «ኪፐንኤይ» ይባላል፤ በቃሉ መልክ አንዱን ዕንቊላል ብዙ ዶሮዎች ጥለውታል።

ነገሩን ያወሳሰበው ደግሞ በ«ኤን» መጨረሻ ያለችው «ን» በአብዛኛው ሰው አነጋገር የማትሰማ መሆኗ ነው። በ1954 የወጣው የአጻጻፍ ደንብ ጸሐፊው የቃሉን አሳብ መርምሮ፤ ብዙ ቊጥር የሚያመለክት ከሆነ «ን»ን እንዲያስገባ፤ ካልሆነ እንዲተዋት ያዝዝ ነበር። በምጣድ የሚጋገረው ቂጣ «ፓነኩክ» በአንድ ምጣድ የሚጋገር ስለ ሆነ ያለ «ን» ይጻፍ ነበር። በ1995 ይህ ተሽሮ፤ የመጀመሪያው ቃል በብዙ ቊጥር በ«ኤን» ብቻ የሚጨርስ ከሆነ «ን» ትግባ ተባለ። ቂጣውም አነጋገሩ ሳይለወጥ ፊደል ጨመረ። ከደንቡ የወጡም ነበሩ፤ ፀሐይ አንዲት ናትና «የፀሐይ ብርሃን» የሚለው ቃል «ን»ን አልተቀበለም። የእንስሳ ስም ያለባቸው የዕፀዋት ስሞችም ተለይተው ነበር፤ እነዚህ ግን በ2005 ወደ ደንቡ ተመለሱ። በዚህ ጊዜ አንዳንድ ታላላቅ ጋዜጦችና መጽሔቶች ትዕግሥታቸው አልቆ መንግሥታዊውን «አረንጓዴ መጽሐፍ» ትተው በ2006 የወጣውን «ነጭ መጽሐፍ» ተከተሉ። ስለማትሰማ ፊደል ይህን ያህል መጣላት ለሌላው ያስገርም ይሆናል። በሃሌታው «ሀ»፤ በሐመሩ «ሐ»ና በብዙኃኑ «ኀ» ላይ ስንከራከር ለኖርነው ግን እንግዳ አይሆንብንም።

ከአጻጻፉ ይልቅ ለዚህ መጽሔት አንባቢ የሚጠቅመው ቃላቱ ስለ ሕዝቡ ኑሮ የሚነግሩት ነገር ነው። ከኔዘርላንድ ምድር ሩቡ ያህል ከባሕር ወለል በታች ነው፤ የሚጠብቀውም ባሕሩንና ወንዙን የሚገድበው የአፈር ካብ፤ «ዴይክ» ነው። በዚህ ሥር ላይ የተካበውን የቃል ቤተ ሰብ ስንመለከት የገበሬው የዓመት አቈጣጠር ሳይቀር ይታያል። በወንዝ ዳር ዝቅ ብሎ የተሠራው «ዞመርዴይክ»፤ የበጋ ካብ ይባላል፤ የበጋውን መጠነኛ ሙላት ይከለክላልና። ከእርሱ ራቅ ብሎ ከፍ ያለው «ዊንተርዴይክ»፤ የክረምት ካብ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ሣር ሜዳ በብርዱ ወራት ለወንዙ ይለቀቃል። በባሕር በኩል ደግሞ ከማዕበሉ ጋር ፊት ለፊት የቆመው ካብ «ዋከር»፤ ማለት የነቃው ይባላል። ከኋላው ያለው ሁለተኛው ካብ «ስላፐር»፤ የተኛው ነው፤ ሦስተኛው «ድሮመር»፤ ሕልም የሚያየው ነው። የነቃው ካብ በተሰበረ ሌሊት የተኛው ተነሥቶ ይዋጋል ማለት ነው። ይህን ያወጡት አፈሩን በአካፋ የሚዝቁት የአገሩ ሰዎች ናቸው እንጂ የቤተ መንግሥት ባለ ቅኔዎች አይደሉም።

የካቡ ጠባቂዎች ማኅበር «ዋተርስኻፕ» ይባላል። («ስኻፕ» ራሱን ችሎ የማይቆም ቅጥያ ስለ ሆነ ይህ በትክክለኛው አነጋገር ጥምር ሳይሆን ርቢ ነው።) ከእነዚህ ማኅበራት ጥንታዊዎቹ ከ13ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ ይታወቃሉ፤ ከኔዘርላንድ መንግሥት ራሱ ይቀድማሉ። በ1950 ገደማ ከ2,500 በላይ ነበሩ፤ እየተዋሐዱ ዛሬ 21 ብቻ ቀርተዋል፤ ምክር ቤቶቻቸውንም ሕዝቡ ይመርጣል። የማኅበሩ ሹም እስካሁን «ዴይክኽራፍ» ይባላል። «ኽራፍ» የመሳፍንት ማዕርግ ነው፤ እንግዲህ ሹሙ የካብ መስፍን መሆኑ ነው። በጥንቱ ሥርዐት እያንዳንዱ ባለ ርስት ከካቡ የተመደበለትን ክፍል የመጠገን ግዴታ ነበረበት። አቅም ያነሰው ሰው አካፋውን በካቡ ላይ ተክሎ ይሄዳል፤ አካፋውን የነቀለው ሰው መሬቱንም ግዴታውንም ይወርሳል። ይህም ሥርዐት «ስፓደስቴከን»፤ አካፋ መትከል ተብሎ በሁለት ቃል ተጠቃልሏል።

«ዋተር» በመከራም ቀን ቃል ወልዷል። «ኖት» ጭንቅ ነው፤ «ዋተርስኖት» የጥፋት ውኃ ጭንቅ ማለት ነው፤ በላዩ «ራምፕ»፤ መቅሠፍት ሲጨመርበት «ዋተርስኖትራምፕ» ይሆናል። ይህ ቃል ለማንኛውም ሙላት ሊነገር ቢችልም፤ ዛሬ የሆላንድ ሰው ሲሰማው የሚያስበው ከጥር 31 ወደ የካቲት 1 ቀን 1953 ያነጋችውን ሌሊት ነው። በዚያች ሌሊት ማዕበል የደቡብ ምዕራቡን ካቦች ሰብሮ በኔዘርላንድ ብቻ 1,836 ሰዎች ሞቱ። እጅግ በተጎዳው በዜላንድ አውራጃ ግን ሰዎች ረዥሙን ቃል አይጠሩትም። «ደ ራምፕ»፤ መቅሠፍቱ ይላሉ፤ ይበቃቸዋል። ባለቤቱ ቃል ብቻውን ቀርቷል፤ ውኃውን መጥራት አላስፈለገም።

እስካሁን ያየናቸው የገበሬና የዓሣ አጥማጅ ቃላት ናቸው። ይኸው አጣማመር ለዕውቀት ቃላትም እንዲሆን አጥብቆ የተከራከረው በ1548 በብሩኽ ከተማ የተወለደው የሒሳብ ሊቅና መሐንዲስ ሲሞን ስቴቪን ነበር። በዘመኑ የአውሮፓ ሊቃውንት በላቲን ይጽፉ ነበር። ስቴቪን ግን በ1586 ስለ ሚዛን ጥበብ ባሳተመው መጽሐፍ መግቢያ ላይ የሆላንድኛ ሥሮች አጫጭርና በቀላሉ የሚጋጠሙ ስለ ሆኑ ለዕውቀት ከሁሉ ይልቅ ይስማማሉ ብሎ ተከራከረ፤ አጫጭር ቃላቱንም ከላቲንና ከግሪክ ጋር እያነጻጸረ ቈጠራቸው። «ከሁሉ ይልቅ» ያለው የአገር ፍቅር ያመጣው ትምክሕት ነው፤ ጀርመንኛም እንዲሁ ያጣምራል። ሥራው ግን ከትምክሕቱ በልጦ ቆይቷል። ሦስት ማዕዘንን «ድሪሁክ»፤ ማለት ሦስት ጠርዝ የሚሉትን የመሳሰሉ ቃላት አቋቋመ ወይም አስፋፋ። ሒሳብንም «ዊስኮንስት»፤ የእርግጠኛ ነገር ጥበብ አለው። ይህም ዛሬ «ዊስኩንደ» ሆኖ ይነገራል፤ በዚህም ሆላንድኛ ሒሳብን በግሪኩ ስም ከማይጠሩት ጥቂት የአውሮፓ ቋንቋዎች አንዱ ሆኗል። በ1600 ልዑል ማውሪትስ በላይደን የመሐንዲሶች ትምህርት ቤት ሲያቋቁም የትምህርቱን ሥርዐት ያወጣው ስቴቪን ነው፤ ትምህርቱም በሕዝቡ ቋንቋ ነበር። ካብና ምሽግ የሚሠራው ሰው ላቲን የማያውቅ አናጺ ነበርና።

«ኩንደ» ከችሎታና ከዕውቀት ጋር የተዛመደ ሥር ነው፤ ራሱ ባለቤት ሆኖ ሌሎችን ከፊቱ ያሰልፋል። ናቱርኩንደ የተፈጥሮ ዕውቀት (ፊዚክስ)፤ ስኸይኩንደ የመለያየት ዕውቀት (ኬሚስትሪ)፤ ስቴረንኩንደ የከዋክብት ዕውቀት፤ ኸኔስኩንደ የፈውስ ዕውቀት ናቸው። እኛ «ሥነ»ን ከፊት አስቀድመን ሥነ ፈለክ፤ ሥነ ምድር፤ ሥነ ልቡና እንደምንለው መሆኑ ነው። ልዩነቱ፤ የእኛው ከግዕዝ የመጣ የሊቃውንት ቃል ሲሆን፤ የእነርሱን ሕፃኑም በቤቱ ያውቀዋል።

እንዲህ ያለው ቃል ክፍሎቹ ስለሚታዩ ወደ ሌላ ቋንቋ ሲተረጐም ይቀላል፤ ለዚህም ጃፓን ምስክር ናት። ከ1641 ጀምሮ እስከ 19ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ከአውሮፓውያን ወገን በጃፓን እንዲነግዱ የተፈቀደላቸው በናጋሳኪ ወደብ በደጂማ ደሴት የተወሰኑት ሆላንዶች ብቻ ነበሩ። ስለዚህ የጃፓን ሊቃውንት የምዕራቡን ዕውቀት የተማሩት በሆላንድኛ ነው። «ስቶፍ» ቁስ ማለት ነው፤ ሃይድሮጅን «ዋተርስቶፍ»፤ የውኃ ቁስ፤ ኦክስጅን «ዙርስቶፍ»፤ የኮምጣጤ ቁስ፤ ካርቦን «ኮልስቶፍ»፤ የከሰል ቁስ፤ ናይትሮጅን «ስቲክስቶፍ»፤ የሚያፍን ቁስ ይባላሉ። ከ1798 እስከ 1846 የኖረው ሊቅ ኡዳጋዋ ዮአን ከ1837 ጀምሮ ባሳተመው የኬሚስትሪ መጽሐፉ እነዚህን ክፍል በክፍል ገልብጦ ሱይሶ፤ ሳንሶ፤ ታንሶ፤ ቺሶ አላቸው፤ «ሶ» የ«ስቶፍ» ምትክ ነው። የጃፓን ተማሪ ዛሬም የሚማረው በእነዚሁ ነው። ከቃሉ ጋር ስሕተቱም ተሻግሯል። ኦክስጅንን የኮምጣጣ ነገር ሁሉ ምንጭ አድርጎ ያሰበው ፈረንሳዊው ላቯዚዬ ነበር፤ አሳቡ ቢሻርም በሦስት አገር ቋንቋ ታትሞ ቀርቷል።

ነገር ግን ጥምር የመሰለ ሁሉ ጥምር አይደለም። «ሃንግማት» ከዛፍ ወደ ዛፍ የሚዘረጋ የመኝታ መረብ ነው፤ «ሃንግ» መንጠልጠል፤ «ማት» ምንጣፍ ስለ ሆነ ማንም ትርጓሜውን ይጨርሰዋል። እውነቱ ግን ቃሉ ከካሪብ ደሴቶች ሕዝብ በስጳንያ በኩል የመጣ «ሃማካ» ነው፤ ሆላንዶች ሲሰሙት በራሳቸው ሥር አለበሱት። በተቃራኒው ዓለም የሚባልበት «ዌረልት» ለማንም ያልተከፈለ ቃል ይመስላል፤ በጥንቱ ግን «የሰው ዘመን» የሚል ጥምር ነበር፤ መጋጠሚያው አልቆ ጠፍቷል። ወደ ደቡብ አፍሪካ የተሻገሩት ሆላንዶች ደግሞ በሌሊት ወጥቶ ምድር የሚቈፍረውንና ምስጥ የሚበላውን እንስሳ «አርትፋርክ»፤ የምድር አሳማ አሉት። እንስሳው በእኛም አገር ይኖራል፤ አዋልዲጌሳ ይባላል። ይህም ከኦሮምኛ የመጣ ጥምር ሲሆን መቃብር አፍራሽ ማለት ነው። አንዱ ሕዝብ መልኩን፤ ሌላው ሥራውን አይቶ ሰየመው።

በመጨረሻ የእኛኑ ትምህርት የሚመለከተውን እናንሣ። «ፎልክ» ሕዝብ ነው። ከ«ኩንደ» ጋር ሲጣመር ሁለት ቃል ይወልዳል፤ በ«ስ» ሲታሰር «ፎልክስኩንደ»፤ በ«ኤን» ሲታሰር «ፎልከንኩንደ»። ማያያዣ ትርጉም የለውም ብለን ነበር፤ እዚህ ግን አለው። የመጀመሪያው የአንድ ሕዝብ፤ ማለት የራሳችን ሕዝብ ወግና ልማድ ጥናት ነው፤ ሁለተኛው የሕዝቦች፤ ማለት የሌሎች ጥናት ነው። የሆላንድ ገበሬ ሠርግ በመጀመሪያው፤ የጃቫ ገበሬ ሠርግ በሁለተኛው ይመዘገብ ነበር። በአንዲት ማያያዣ ዓለም በሁለት ተከፍሎ ኖረ፤ ክፍፍሉም ሆላንድ ቅኝ ገዥ በነበረችበት ዘመን የተስማማ እንደ ነበረ አያጠራጥርም። «ፎልክስኩንደ» በኋላ ጥላ አጠላበት፤ የጀርመን ናዚዎች አቻውን ቃል ለዘር ትምህርታቸው መሣሪያ ስላደረጉት፤ የሆላንድ ተመራማሪዎች የራሳቸውን አገር ወግ ሲያጠኑ «ኤትኖሎኺ» ማለትን መረጡ። ሁለተኛውም አልቆየም። በላይደን ከተማ በ1837 መነሻውን ያገኘው የ«ፎልከንኩንደ» ሙዚየም በ2023 ስሙን ለውጦ የዓለም ሙዚየም ተባለ። አዲሱም «ዌረልትሙዜዩም» ጥምር ቃል ነው፤ ያው የጥንቱን «የሰው ዘመን» በውስጡ ይዟል።

በ1851 በዴልፍት ከተማ የተቋቋመው የንጉሣዊ ተቋም መጽሔት ግን ከ1853 ጀምሮ የያዘውን ስም አልለቀቀም። በርእሱ ላይ ቋንቋ፤ አገር፤ ሕዝቦች የሚሉ ሦስት ቃላት ተሰልፈዋል፤ ከመጀመሪያዎቹ ሁለት ኋላ አጭር ሰረዝ አለች፤ «ኩንደ» የተጻፈው በሦስተኛው መጨረሻ አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ሰረዞቹ የሚነግሩን ሦስቱም ያንኑ አንድ ሥር በጋራ የሚጠብቁ መሆናቸውን ነው።